ከቅጽሩ ካብ ወዲያ

አሮጌዋ ቤተ ክርስቲያናችን ክዳኗ ሰንበሌጥ ነበር። ከዕድሜ ብዛት ጠቁሮና ሻግቶ፣ ክረምት ሲገባ ከሰባት ስምንት ቦታ ያንጠባጥባል። ማህሌት የቆሙት ካህናት አንድ እርምጃ ወዲህ፣ አንድ እርምጃ ወዲያ ሲሉ እንግዳ ሰው ወረብ ይመስለዋል፤ እኛ ግን ጠብታውን እየሸሹ መሆኑን እናውቃለን። እኔ ሳቄ ይመጣብኝ ነበር። አማቴ ከጎኔ ቆመው በነጠላቸው ሥር እጄን ቆንጠጥ ያደርጉኛል።

ወደዚያ አገር የመጣሁት በጋብቻ ነው። የተወለድኩት ዳንግላ አጠገብ ሲሆን አባቴ መሪጌታ ነበር። እግዜር ወንድ ልጅ አልሰጠው ሲል እኔኑ አስቀምጦ ፊደል አስቆጠረኝ፣ ዳዊት አስደገመኝ። «ሴት ልጅ ዳዊት ደግማ ምን ልትሆን ነው?» ሲሉት «ዳዊት የደገመች ሴት ትሆናለቻ!» ይል ነበር። የባሌ አገር ከቆሰበር በአዘና መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ቢያስኬድ ነው። እዚያ ቤት የሚነገረው አገውኛ ነበርና በሁለት ዓመት ውስጥ ለመድኩት። አማቴ «አንቺ ስትቆጪ በአማርኛ ነው፣ ስታዝኚ በአገውኛ» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው።

የመጀመሪያ ልጄ ሴት ነበረች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ዘጠኝ ቀን ሲቀራት አንድ ጠዋት ጡት እምቢ አለች፤ ገላዋ እጅ ያቃጥላል። ሕፃን ሲያጣጥር ቀኑ ባይሞላም መጠመቅ እንደሚችል ከአባቴ ሰምቻለሁ። ባሌን «ሩጥ!» አልኩት። ሮጠ። ቄሶቹ በሙሉ ማዶ ወዳለው አጥቢያ ለተዝካር ተጠርተው ሄደዋል። አንዱን ይዞ ሲመለስ ቀትር ሆነ፤ እኔም አገጯን በጨርቅ አስሬ ጨርሻለሁ።

ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ቅጽር ውስጥ አይቀበርም። ቅጽራችን በካብ የታጠረ ነበር፤ ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ። ከካቡ ወዲያ፣ በሴቶች በር በኩል፣ ቁልቁል የሚወርድ ሣራማ ተዳፋት አለ። የአጥቢያው እንዲህ ያሉ ሕፃናት ሁሉ እዚያ ናቸው። ፍትሐት የለ፣ ደወል የለ፣ ባልና ሚስት ቆፍረው ቀብረው ይመለሳሉ። ባሌ አንዲት ድንጋይ አቆመላት። ቅዳሴ ላይ ሳለሁ ልቤ ከካቡ ወዲያ ነበር። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ቅጽሩ ውስጥ እንድትሆን። ይሄንን ለማንም አልተናገርኩም፤ ማን ይሰማኛል?

ቤተ ክርስቲያኒቱን አፍርሶ ለመሥራት ሰበካው የተስማማው ልጄ ከሞተች በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ይሆናል። ታቦቱ በቅጽሩ ጥግ በቀርከሃና በሣር ወደተሠራች መቃኞ ገባ። መቃኞ ዋናው ቤት እስኪያልቅ ታቦት የሚቆይባት ጎጆ ናት። ሥራውን እንዲመሩ ከጥርባ በኩል አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ተጠርተው መጡ። ቀጭን፣ ጆሯቸው ትልልቅ፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ናቸው። «ስንት ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል?» ብሎ አንዱ ቢጠይቃቸው «የቆመውን ልቁጠርልህ ወይስ የፈረሰውንም?» አሉት።

ወረቀት የሚባል አያውቁም። ያላቸው ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው የጠፍር ገመድ ነው። አሮጌው መንበር በነበረበት ቦታ ላይ ችካል ተከሉ። መንበር የታቦቱ መቀመጫ ነው፤ ቤቱ ስንት ጊዜ ቢፈርስ እሱ ከቦታው አይነቃነቅም። ከዚያ ተነሥተው መጀመሪያ የመቅደሱን አራት ማዕዘን አሰመሩ። ገመዱን ለቀቅ አድርገው ዞሩ፤ ያ ቅድስት ነው፣ ቆራቢዎች የሚቆሙበት። አሁንም ለቀቅ አድርገው ዞሩ፤ ያ ቅኔ ማህሌቱ ነው። ይሄ የውጭኛው ዙር ግን ከአሮጌው መሠረት አራት ክንድ አልፎ ወጣ። ሰው ሲያጉረመርም «ሕዝቡ ተዋልዷል አይደል? ቤቱም ይውለድ እንጂ» አሉ።

ክዳኑ ቆርቆሮ እንዲሆን የወሰኑት የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው። ከእንግዲህ ቄሱ የምላቸው እሳቸውን ነው። ከሌላ አውራጃ የመጡ፣ ሕግ የሚያውቁ፣ ድምፃቸው የሚያምር ሰው ነበሩ። ቆርቆሮው እስከ ቆሰበር በጭነት መኪና መጣ፤ ከዚያ ወዲህ በወንዶች ትከሻ። ግንበኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣሪያ ያዋቀሩት በቀርከሃ ነው፤ ቀርከሃ ደግሞ ምስማር ሲመቱበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጣሪያ በጣውላ የሚያዋቅር አናጢ ከዳንግላ ማምጣት ግድ ሆነ። ሽማግሌው አናጢው ቆርቆሮውን ሲመታ ቆመው እያዩ «የድስት ክዳን!» ብለው ምራቃቸውን ተፉ። አንድ ነገር ላይ ግን ልክ ነበሩ። በመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮው ሲንጫጫ የዚያ የሚያምር ድምፅ ባለቤት አፋቸው ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነበር የምናየው።

የሴቶች ሥራ ውሃ መቅዳት፣ ጭቃ መርገጥና ግድግዳ መምረግ ነበር። መቅደሱን ከውስጥ የመረግነው እኛ ነን። ታቦት ካልገባበት መቅደስ ተራ ቤት ነው፤ ማንም ይገባበታል። ታቦቱ ከገባ በኋላ ግን ከካህንና ከዲያቆን በቀር የሚረግጠው የለም። እኔ የምሥራቁን ግድግዳ ከታች እስከ ክንዴ ልክ በመዳፌ ለሰንኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን አማቴ «በይ ደህና አድርገሽ እይው፤ ከእንግዲህ በሕይወትሽ አታዪውም» አሉኝ። ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ጭቃ ነው፤ ሌላ ምን ይታያል።

ከዚያ ዕቃው ገባ። የድንጋይ ደወሎቹ፣ ሦስት ረጃጅም ጥቁር ድንጋዮች፣ ከአሮጌው ዛፍ ወርደው ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተሰቀሉ። ከበሮዎቹ አዲስ ቆዳ ለበሱ። አንድ ሠዓሊ መጥቶ በአቡጀዲ ላይ የሳለውን ሥዕል በዱቄት ማጣበቂያ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ ኃጢአተኛ ግን በጎን ስለሚሳል አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። ሠዓሊው ምግቡን የምታቀርብለትን ባልቴት ተጣላና አንዲቷን ኃጢአተኛ ቁርጥ እሷን አስመስሎ ሳላት። ባልቴቲቱ አይታ «ምነው፣ ያንዱን ዓይኔን ብርሃን ወጥ ውስጥ ጨመርኩበት እንዴ?» አለች። እስከ ሞቷ ድረስ ከሥዕሏ ፊት ለፊት ቆማ ነው ያስቀደሰችው።

ጠቡ የተነሣው በመጨረሻ፣ በካቡ ነው። ቤቱ ሲሰፋ በሴቶች በር በኩል ከግድግዳው እስከ ካቡ ያለው ቦታ ጠበበ። ግንበኛው በእግራቸው ለኩና ለቄሱ «አባቴ፣ ካቡ ከዚህ አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ መገፋት አለበት። አለዚያ ታቦት ዑደት ሲያደርግ አያልፍም» አሏቸው። ታቦት በንግሥ ቀን ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ከፊት መስቀልና ጥና፣ ከላይ ድባብና ጥላ፣ ከኋላ አገር ምድሩ ነው። አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ ማለት ደግሞ ሕፃናቱን ማስገባት ማለት ነው። ውሃ ተሸክሜ ቆሜያለሁ። እንስራው ጀርባዬ ላይ መሆኑን ረሳሁት።

ቄሱ ተዳፋቱን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያልተጠመቀ ከተጠመቀ ጋር በአንድ ቅጽር አይተኛም። ወይ ዐፅሙ ይነሣ፣ ወይ ካቡ በሌላው በኩል ይገፋና እዚህ ጋ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይታጠፍ።»

ዐፅሙ ይነሣ ሲሉ ሴቶቹ ጮኹ። አማቴ ጭቃ በጭቃ እንደሆኑ ሄደው ቄሱ እግር ላይ ወደቁ። «አባቴ፣ ሁለት አሉኝ እዚያ፤ ሁለት! አያስቆፍሩብኝ!» ስድስት ዓመት በአንድ ቤት ስንኖር ይሄንን ነግረውኝ አያውቁም። ቄሱ ደነገጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይሄንን ዛሬ እላለሁ፤ ያን ቀን ግን ጠላኋቸው። ጠላኋቸው፣ ሌላ ቃል የለኝም። አንዲት ሰባ አንድ ቀን የኖረች ልጅ ቅጽሩን ምን ታጎድፍበታለች?

«እሺ አይነሣም» አሉ ቄሱ አማቴን እያነሡ። «ካቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍ።»

«ከታጠፈ ከግድግዳው አራት እርምጃ ይቀራል» አሉ ግንበኛው።

«ሰው ይጠጋጋል።»

«በንግሥ ቀን? ሰውን በንግሥ ቀን ጠጋ በል ብለውት ሲጠጋ አይተው ያውቃሉ አባቴ?»

ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመው ሄዱ። ነገሩ አለቀ።

ካቡን የካብነው ሴቶቹ ነን። ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ጠብ ብሎ ወንዶቹ ወደ እርሻ ገብተው ነበር፤ ቅዳሴ ቤቱ ደግሞ ለግንቦት ተቆርጧል። ቅዳሴ ቤት አዲሱ ቤት የሚባረክበት፣ ታቦቱ ከመቃኞ ወጥቶ የሚገባበት በዓል ነው። ግንበኛው ካብ እንዴት እንደሚካብ አሳዩን። ካብ አንድ ግድግዳ አይደለም፤ ሁለት ነው። ፊትና ኋላው ለየብቻ ይደረደርና መሐሉ በጠጠር ይሞላል። በየሦስተኛው ድርድር ከፊት እስከ ኋላ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ በአግድም ይገባል። ሁለቱን የሚያስራቸው እሱ ነው። «አሳሪ የሌለው ካብ ባልና ሚስት ሆነው የማይነጋገሩ ሰዎች ናቸው» አሉን። «ቆመው ታያቸዋለህ፤ አንድ ቀን ትከሻ ሲነካቸው ለየብቻ ይወድቃሉ።»

መታጠፊያው ለእኔና ለአማቴ ደረሰን። አሳሪ ድንጋዮቹ ከጎኔ ተከምረዋል። መጀመሪያ ሦስተኛው ድርድር ላይ ስደርስ አንዱን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። አጭር ድንጋይ ስጡኝ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አማቴ እጄን አዩት፣ ረጅሞቹን አዩአቸው፣ ተዳፋቱን አዩት። አጭር ድንጋይ አቀበሉኝ። ስድስተኛው ላይም እንዲሁ፣ ዘጠነኛው ላይም። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ፊቱን አሳምሬ ስለካብኩት ከሌሎቹ ሴቶች ሥራ ሁሉ የሚያምረው የእኔ ነበር። ረጅሞቹን ድንጋዮች ወስጄ ለሌሎቹ ሰጠኋቸው፤ መርቀውኝ ተቀበሉ።

ግንበኛው ሲጨርሱ ካቡን ዙሪያውን በጉልበታቸው እየገፉ ፈተኑት። እኔ ጋ ሲደርሱ ጉልበታቸውን አላነሡም። መዳፋቸውን ብቻ አሳረፉበት፣ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ በአገውኛ «ልጄ፣ የሚጠጣ ውሃ አለሽ?» አሉኝ። ሰጠኋቸው፤ ጠጥተው አለፉ። ያውቁ እንደሆን አልጠየቅኋቸውም፤ ተጠይቀውም የሚናገሩ ሰው አልነበሩም።

የቅዳሴ ቤቱ ዕለት ከአዘና፣ ከቆሰበር፣ ከጥርባ ሰው ጎርፎ መጣ። ፈረሰኛው ከቅጽሩ ውጭ አቧራ ያነሣል። ታቦቱ ከመቃኞ ወጣ። በመጀመሪያው ዙር መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ድባቡን የያዙት ዲያቆናት በአንድ ረድፍ ሆነው አለፉ። በሁለተኛው ዙር ሰው ሰውን ተጫነ፤ አንዲት እናት ልጇን ከፍ አድርጋ ያዘች። ያኔ ነው እኔን ፍርሃት የያዘኝ። ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ምን እንዳሰብኩ እንጃ፤ እንደዚህ ግን አይደለም። «ወየው፣ ምን አደረግሁ!» እያልኩ ሕዝቡን እየገፋሁ ወደ መታጠፊያው ስሄድ ሦስተኛው ዙር ደረሰ።

ካቡ ሲወድቅ ድምፁ ከከበሮው አልበለጠም። ወደ ውጭ፣ ወደ ተዳፋቱ ተዘረገፈ። ተጨንቆ የነበረው ሕዝብ ድንጋዩን ተከትሎ ፈሰሰ። ታቦቱን የተሸከሙት ካህን እንዳይወድቁ ሰው ከግራ ከቀኝ ይዟቸው፣ ድባቡ ከላያቸው እየተወዛወዘ፣ አሥር አሥራ አምስት እርምጃ ቁልቁል ሄደው ሣሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ አንዲት ሴት እልል አለች። አማቴ ነበሩ። ተከትለው ሁሉም እልል አሉ። ባጠቃላይ የተጎዳው አንድ ጎረቤታችን ነው፤ ድንጋይ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አርፎበት ክረምቱን ሙሉ አነከሰ። በየሳምንቱ ጠላ እልክለታለሁ፤ ሚስቱ ምን ነካት ብላ ትገረማለች።

ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ከተዳፋቱ ጫፍ ቆመው ነበር። ፊታቸው ገረጣ። ሕግ የሚያውቅ ሰው ሕጉ ራሱን ሲይዘው ማየት እንዲህ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ለሕዝቡ «ታቦት የቆመበት መሬት ከእንግዲህ ሜዳ አይባልም። ካቡ ከዚያ ወዲያ ይሁን» አሉ። ስለ ሕፃናቱ አንድም ቃል አላነሡም።

የነፍስ አባታችንም እሳቸው ነበሩ። በፍልሰታ ጾም ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። «አባቴ፣ ይፍቱኝ። ካቡን የጣልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አሳሪ ድንጋይ ሳታስገቢ?»

«አዎ አባቴ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን» አልኩ። ንስሐ ላይ ቁጭ ብዬ ዋሸሁ። እሱንም ጨምሮ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«የአንቺዋ ስንተኛ ቀኗ ነበር?»

«ሰባ አንድ።»

ራሳቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲናገሩ ያ የሚያምር ድምፅ አልነበረም። «ያን ቀን ተዝካር ላይ ነበርኩ። ባልሽ ሊወስደኝ ሲመጣ ጠላው ቀርቦልኝ፣ ልጨርስ ብዬ ቆይቻለሁ።» ከዚያ ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ ለአዲሱ ካብ አርባ ድንጋይ ተሸክሜ፣ በገዛ እጄ እንድክብ። «አሁን ግን ደህና አድርገሽ እሰሪው» አሉ። እግዚአብሔር ይፍታሽ አሉኝ። እሳቸውን ማን እንደፈታቸው አላውቅም። እኔ ግን በቀላሉ አልፈታኋቸውም፤ ዓመታት ፈጀብኝ።

ካቡ ተሠራ፤ ዛሬም አለ። ካቡን ስንሠራ ባሌና እኔ የልጃችንን ድንጋይ ፈለግን። በዚያ ትርምስ የሕፃናቱ ድንጋዮች ሁሉ ተገለባብጠው ከወደቀው ካብ ጋር ተደባልቀዋል፤ መሬቱም በእግር ብዛት ተደልድሏል። ተንበርክከን በእጃችን ዳሰስን። እሱ እዚህ ነው አለ፤ እኔ እዚያ ነው አልኩ። አማቴም የእሳቸውን ሁለቱን አላገኙም። ልጄ ውስጥ ገብታለች፤ የፈለግሁትን አግኝቻለሁና አላማርርም። ንግሥ በመጣ ቁጥር ታቦቱ በዚያ ሣር ላይ ያልፋል፤ ሕዝቡ ይከተላል፤ ጫማዬን አውልቄ እኔም እከተላለሁ። እልል እላለሁ። እያንዳንዱን እርምጃ በቀስታ ነው የማሳርፈው፤ የትኛው እሷ ላይ እንደሚያርፍ አላውቅም።